አንጓች ለውሻ ሽማግሌ ላከች

ተረቴ መጥታለችና ቦታ ልቀቁላት። ሩቅ ያለህ ቅረብ፤ የምታንሾካሽኪውም ተይ፤ አንዴ የተናገርኩትን ደግሜ አልናገርም።

ዱሮ ነው። እንስሳ ሲናገር ሰው የማይደነግጥበት፣ የቤት ዕቃም አፍ የነበረው ጊዜ ነው። በአንድ ቆላ አገር፣ ገደል አፋፍ ላይ፣ አንጓች የምትባል ሴት ትኖር ነበር። ከቤቷ በታች ማሽላ ነው። ከማሽላው በታች ገደል ነው። ገደሉ ውስጥ ደግሞ ዝንጀሮ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ የሚኖር ሰው ሥራው የታወቀ ነው፤ ማሽላው እሸት ከያዘበት ቀን ጀምሮ እስኪታጨድ ድረስ፣ በእንጨት የተሠራ ከፍ ያለ ማማ ላይ ወጥቶ ሲጮኽና ወንጭፍ ሲወነጭፍ ይውላል።

ይህን ሥራ የሚሠራው ባሏ ነበር። ባሏ ሞተ። ክረምቱ ወጣ፣ ማሽላው ከሰው ቁመት በለጠ፣ አንጓችም መቀነቷን አጥብቃ ማማው ላይ ወጣች።

ዝንጀሮዎቹ አዩአት። አለቃቸው ጋማው እስከ ወገቡ የወረደ ትልቅ ወንድ ዝንጀሮ ነው፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አያት። ጮኸች፤ ተቀምጦ አያት። ወንጭፏን አዞረች፤ ተቀምጦ አያት። ክንዷ ዱሮ ወድቃ የተሰበረ ነውና ድንጋዩ እዚያው ማማው ሥር ጠብ አለ። አለቃውም ወደ ቤተሰቡ ዞሮ፣

«ቀሚስ ነው፤ ውረዱ» አለ። ወረዱ።

በማግስቱ አንጓች የባሏን ሱሪ ታጥቃ፣ የባሏን ኮት ደርባ፣ ድምፅዋን እንደ ባሏ አጎርንና ወጣች። አለቃው አንገቱን ዘመም አድርጎ ሲያያት ቆየና፣ ሱሪውን ድሮም አውቀዋለሁ፤ ውስጡ ያለው ግን ሌላ ነው አለ። ያን ቀን ደግሞ ካለፈው የበለጠ በሉባት።

የባሏ ወንድም አያ ቢተው ይህን ሰማ። አያ ቢተው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ይሻላት ነበር፤ ክፉን ሰው ሰድበው ይሸኙታል። እሱ ግን አዝኖላት ነው የመጣው። በትሩን ተደግፎ ማሽላውን አየ፣ እሷን አየ፣ ከንፈሩን መጠጠ።

«አንጓች፣ ይሄ የሴት ሥራ አይደለም» አላት። «ዘንድሮ ማሽላው በደህና አውድማ ከገባ ደግ። ካልገባ ግን ለከርሞ መሬቱን እኔ አርሰዋለሁ፤ አንቺም እኔ ቤት ትመጫለሽ። ጥግ አታጪም።»

«ጥግማ አለኝ፣ አያ ቢተው» አለችው። «አራቱም ማዕዘን የኔ ነው። ማሽላዬን አውድማ ላይ መጥተው ያዩታል።»

ይህን ያለችው ቀጥ ብላ ቆማ ነው። ሰውዬው ዞር ሲል ግን የቤቷ ደፍ ላይ ቁጭ አለች። በሰው ቤት፣ በሰው እሳት ዳር፣ የሰው ልጅ እያዘለች ስታረጅ ታያት። አይሆንም አለች። ውሻ ያስፈልገኛል አለች።

እንግዲህ ስህተቷ ከዚህ ይጀምራል። አንጓች በዕድሜዋ ውሻ ኖሯት አያውቅም። ውሻ እንዴት ተመርጦ ቤት እንደሚገባ የነገራት የለም። የምታውቀው አንድ ነገር ነው፤ ሙሽራ እንዴት እንደሚመረጥ። አምስት ሴቶች ልጆች ድራለች፤ ለአምስቱም እስከ ሰባት ቤት ዘር አስቆጥራለች፤ አንዱንም አማች አጥንቱን ሳታጣራ ደጇን አላስረገጠችም። ስለዚህ፣ ቤት የሚገባ ሁሉ ያው ቤት የሚገባ ነው፣ ለውሻም ሽማግሌ ልላክ ብላ ተነሳች።

ሦስት ሽማግሌ መረጠች። አንደኛው የባሏ ከዘራ ነው፤ አንገቱን የደፋ፣ ቆሞ መናገር የሚያውቅ ጨዋ። ሁለተኛው የወተት ቅል ነው፤ ሆዱ ባዶ ቢሆንም አፉ ለስላሳ ነው። ሦስተኛው አህያዋ ነው። አህያው እንኳ ለሽማግሌነት አልነበረም የተመረጠው፤ ሁለቱ እግር ስለሌላቸው ተሸካሚ ያስፈልጋል ተብሎ ነው።

መጀመሪያ የሄዱት ወደ አገሩ ባላባት ግቢ ነው። እዚያ ደጃፍ ላይ ጥጃ የሚያክል ውሻ ተኝቷል። ባላባቱ ጎረቤቶቹ እንዲሰሙለት ብሎ ስሙን ማን አህሎኝ ብሎታል። ውሻው አንድ ዓይኑን ገልጦ ተቀመጡ አላቸው። ከዘራው እንደ ወጉ፣ የመጣንበት ጉዳይ እሺ ሳይባል አንቀመጥም አለና ቆመ። ቅሉም አንቀመጥም አለ። አህያው ድሮም ቆሟል።

ከዘራው ጉዳዩን አስረዳ። እመቤታችን ጨዋ ናት፣ ቤቷ የተከበረ ነው፣ አሁን ጠባቂ ጎድሏታል፤ የእርስዎን ዘር ብትሰማ ደስ ይላታል አለ። ማን አህሎኝ ይህን ሲሰማ ሁለተኛውን ዓይኑንም ገለጠ። ዘሩን ቆጠረ። አባቱን አነሳ፤ የደጃዝማች ደጅ ጠባቂ ነው። አያቱን አነሳ፤ የራስ ደጅ ጠባቂ ነው። ቅድመ አያቱን፣ ምንዝላቱን፣ ቅንዝላቱን እያለ ሽቅብ ወጣ፤ ሁሉም ደጅ ጠባቂ፣ ሁሉም ባለ ትልቅ ደጅ። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ቅሉ እንባ አቀረረ።

አህያው ብቻ ጆሮውን አነሳና፣ ጌታዬ፣ ቀኑን ምን ሲሠሩ ይውላሉ ብሎ ጠየቀ። ከዘራው ጎኑን ወጋ አደረገው። ሽማግሌ እንዲህ ያለ ነገር አይጠይቅም።

ማን አህሎኝ እሺ አለ፤ መጣ። አንጓች ግዝፈቱን ስታይ ልቧ ሞላ። አላፊ አግዳሚው ሁሉ እንዲያየው ብላ መንገድ ዳር አቆመችው። እሱ ግን ግቢውን አንዴ ዞሮ አየና፣ በሩ የት ነው አላት። የእሾህ አጥሩን ክፍተት አሳየችው። እዚያ ሄደ፣ ተጋደመ፣ አልተነሳም።

መነሳቱንስ ተነስቷል፤ ሰው ሲመጣ ይነሳል። እሳት ልትጭር የመጣች ጎረቤት አባረረ። አረም ሊያግዟት የመጡትን አባረረ። በሦስት ቀን ውስጥ ደጇን የሚረግጥ ሰው ጠፋ። ዝንጀሮ ግን በገደሉ በኩል ነው የሚመጣው፤ መጣም። አንጓች ማማው ላይ ሆና ማን አህሎኝን ጠራችው፤ ዝም። ደግማ ጠራችው፤ ጅራቱን አወዛወዘ። ወርዳ ፊቱ ቆመች።

«እሜቴ» አላት ሳይነሳ፣ «እነዚያ በበር አልገቡም። በበር ያልገባ እንግዳ እኔን አይመለከተኝም። ሰባት ቤቴ ድረስ ማሽላ የጠበቀ የለም።»

ደግሞ ገንፎ አቀረበችለት፤ አሸተተው። ቂጣ አቀረበችለት፤ አሸተተው። ባላባቱ ቤት የበሬ አጥንት ነበር የለመደው። በአራተኛው ቀን ተነስቶ፣ ዘርጠጥ ዘርጠጥ እያለ ወደ ለመደው ደጅ ተመለሰ። ሲሄድ እንኳ አንጓችን አልናቃትም፤ ቤትሽ ደግ ቤት ነው፣ ደጅ ግን የለውም ብሏት ነው የሄደው። እውነቱን ነው።

ከማሽላው ግን ሩቡ ሄዷል።

አንጓች ጥርሷን ነክሳ፣ ያኛው ከባድ ነበር፣ አሁን ፈጣን ያስፈልጋል አለች። ሽማግሌዎቹንም ዱር ወዳለ አንድ አዳኝ ሰደደቻቸው። የአዳኙ ውሻ ማን ቀድሞኝ ይባላል። ጎድኑ ይቆጠራል፣ ወገቡ በመዳፍ ይያዛል፣ እግሩ መሬት ላይ አያርፍም። ከዘራው እንደ ወጉ አልቀመጥም ሲለው፣ እኔም መቀመጥ አልወድም፣ ቶሎ በሉ አለው።

እሱም ዘሩን ቆጠረ፤ ወዲያና ወዲህ እየተንቆራጠጠ። አባቱ ከርከሮ ጥሏል። አያቱ ድኩላ ጥሏል። ቅድመ አያቱ አጋዘን አባሮ ሁለት ወንዝ ተሻግሯል። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ነብር አነሳ። ቅሉ አሁንም እንባ አቀረረ፤ ቅል ምን ችግር አለበት። አህያው ደግሞ አንድ ጊዜ አላስችል አለውና፣ ጌታዬ፣ ሮጠው ሲያበቁ መቼ ነው የሚመለሱት አለ። ሁሉም ሳቁበት። ውሻው ራሱ ሳቀበት።

ማን ቀድሞኝ የመጣ ዕለት ዝንጀሮ ታየ። ውሻው እንደ ተለቀቀ ቀስት ወረደ። አንጓች ማማው ላይ ሆና አጨበጨበች፤ ከባሏ ሞት ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። ውሻው አንድ ጎረምሳ ዝንጀሮ ለየና አሳደደ። የመጀመሪያውን ሸለቆ ተሻገረ። ሁለተኛውን ሸለቆ ተሻገረ። ሦስተኛው ላይ አቧራው ብቻ ቀረ። አለቃው ዝንጀሮ ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጠ አቧራውን በጣቱ አሳየ።

«ያቺ ጭስ የምትመስለዋ ውሻዋ ናት» አለ። «ውረዱ።»

አንጓች ተጣራች። ውሻው ግን የአዳኝ ቀንድ ሲነፋለት እንጂ በስም ተጠርቶ ተመልሶ አያውቅም። በማግስቱ ከሰዓት፣ ምላሱን ጎልጉሎ፣ በአፉ ሚዳቋ አንጠልጥሎ መጣና እግሯ ሥር ጣለላት። ኩራቱ ደግሞ አይጣል ነው።

«ሚዳቋ ማሽላዬን በልቷል እንዴ?» አለችው።

አልገባውም። እንዴት ይግባው፤ ከተወለደ ጀምሮ ይዞ በመጣ ቁጥር ነው የሚመሰገነው። አንጓች ፊቷን አላጠቆረችበትም፤ ሚዳቋውን ለጌታህ ውሰድለት፣ ጎበዝ ነህ፣ ግን የኔ ጎበዝ አይደለህም ብላ መለሰችው።

ግማሹ ማሽላ ሄደ። ገበያ ላይ ሴቶቹ አንጓች ውሻ እያገባች ትፈታለች እያሉ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ። አያ ቢተው ሰው ላከባት፤ የምትተኚበትን መደብ አስለስነናል አላት። አስለስነናል። ይህን ስትሰማ የምትበላውን ትታ ተነሳች።

ሽማግሌዎቿን ሰብስባ ሦስተኛ ልትልካቸው ስትል ከዘራው አልሄድም አለ፤ ወጉን ጠብቄ ሄጄ ሁለቴ አፈርኩ፣ ስህተቱ የማን እንደሆነ አላውቅም አለ። ቅሉም ድምፄ ተዘጋ አለ። አህያው ድርቆሹን እያላመጠ ነበር፤ ዋጠና ተናገረ።

«እሜቴ፣ የሞቱትን ውሾች ሁሉ አወቅሽ፤ ያለውን ግን አልጠየቅሽም። ደግሞ እነሱስ? ስለ አንቺ ቤት ማን ነገራቸው? ቤቷ የተከበረ ነው አልናቸው እንጂ ገደል አፋፍ ላይ ነው አላልናቸውም።»

አንጓች ተቆጣች። አህያ መካሪ ሆነብኝ ብላ ድርቆሹን ከፊቱ አነሳችበት። ትንሽ ቆይታ መልሳ አስቀመጠችለት።

በማግስቱ ማለዳ ማንንም ሳታስከትል በእግሯ ወረደች። ቆላው ውስጥ ዳሳሽ የምትባል ብቻዋን የምትኖር ፍየል አርቢ አለች፤ ፍየሎቿን ነብርም ቀበሮም በልቶባት አያውቅም ይባላል። አንጓች ስትደርስ ዳሳሽ ፍየል እያለበች ነው። ከአጠገቧ ከጉልበት በታች የምትሆን፣ ቡናማ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት፣ አንድ ጆሮዋ የተቀደደ ሴት ውሻ ተኝታለች። ስሟ ቦራ ነው። የግንባሯን ነጭ ያየ ሁሉ ቦራ ብሎ የሚጠራት፣ እንዲያው ቦራ።

አንጓች ልማድ ሆኖባት፣ ዘሯ ከወዴት ነው ብላ ጠየቀች።

«እናቷ ያቻትና» አለች ዳሳሽ ሳታቋርጥ እያለበች። «አባቷን እንደሆነ መንገዱን ጠይቂው። እሷን የምትፈልጊ ከሆነ ግን እኔን ተይና እሷን አናግሪያት፤ አፍ አላት።»

አንጓች ወደ ውሻዋ ዞረች። ቦራ አልተነሳችም፣ ጅራቷንም አላወዛወዘችም።

«ተቀመጪ፤ ቆሞ የሚያናግረኝ ሰው አልወድም» አለቻት።

አንጓች ተቀመጠች። አፈር ላይ ነው የተቀመጠችው።

«ቀኑን ከማን ጋር ነው የምውለው?» አለች ቦራ።

«ከኔ ጋር። ሌላ ሰው የለም።»

«የምትበዪው ምንድነው?»

«የማሽላ ቂጣ። ሲገኝ ሽሮ።»

«እኔስ?»

«ያው ከሱ።»

«በማን ድምፅ ነው የምትጠሪኝ? ከዚህ ሆኜ ስትጮሂ እሰማለሁ። አንዴ እንደ ወንድ ታጎረንኛለሽ፣ አንዴ ታለቅሻለሽ። የቱ ነው ያንቺ?»

አንጓችን ከባሏ ሞት ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር የጠየቃት የለም። በራሴ ድምፅ እጠራሻለሁ፣ የራሴን ግን ከተጣራሁበት ቆይቷል አለቻት።

ቦራ ያን ጊዜ ተነሳች፣ ከአፈሩ ተራገፈች። እኔ ትልቅ አይደለሁም፣ ሩቅም አልሮጥም አለቻት። ፍየል በመጠበቅ ነው ያደግሁት፤ ዞሬ ዞሬ መጠበቅ እወዳለሁ፤ ድንበሩን ካሳየሽኝ ከድንበሩ አላልፍም፣ ድንበሩንም አላስነካም። ተኚ ካልሽኝና ሥራ ካልሰጠሽኝ ግን የቤትሽን ጫማ ሁሉ እበላለሁ፤ ከአሁኑ እወቂው አለቻት። ሦስት ቀን ልሞክርሽ፤ ከተስማማሽኝ እቀራለሁ፣ ካልተስማማሽኝ መንገዱን አውቀዋለሁ ብላ ጨረሰች።

ለአምስት ሴቶች ልጆቿ አማች ስትመርጥ የኖረች ሴት በውሻ ልትፈተን። አንጓች ፊቷ ቀላ። ቀጥሎ ሳቅ አመለጣት፤ ዳሳሽም ወተቱን እስክትደፋ ሳቀች።

የመጀመሪያውን ቀን ሁለቱ ድንበሩን በእግራቸው ዞሩት። እያንዳንዱን የድንበር ድንጋይ ቦራ አሸተተች፤ አንጓችም ይሄ የኔ ነው፣ ያ የኔ አይደለም እያለች አሳየቻት። ሁለተኛውን ቀን አንጓች ማማው ላይ፣ ቦራ ሥር ሆነው ዋሉ። የባሏ ኮት ቤት ተሰቅሎ ቀረ። መጀመሪያ ቦራ ብላ ስትጠራት ድምፅዋ ሰለለ። ቦራ አልመጣችም። ሁለተኛ ጠራች፤ አልመጣችም። ሦስተኛ ከሆዷ አውጥታ ጠራች፤ ዱሮ ልጅ ሆና ወንዝ ማዶ ያሉ ጓደኞቿን የምትጠራበት ድምፅ ወጣ። ቦራ መጣች። ጎረቤቶችም ድምፁን ሰምተው ማናት እሷ ተባባሉ፤ አጥሩም ላይ የሚያባርራቸው ስለሌለ መጥተው አዩ።

በሦስተኛው ቀን ዝንጀሮዎቹ በሙሉ መጡ። ማሽላው ደርሷል፤ ዛሬ ካልተበላ ነገ ይታጨዳል።

አለቃው ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ፣ ቦራን አየ፣ ሳቀ። ፍየል ነው ወይስ ውሻ ነው ብሎ ጎረምሳውን ላከ፤ ያን ማን ቀድሞኝን ሦስት ሸለቆ ያሻገረውን። ጎረምሳው ከፊቷ ብልጭ ብሎ ሮጠ። ቦራ ተከተለችው፤ እስከ ድንበሩ ድንጋይ። እዚያ ላይ ቆመች፣ አንዴ አየችው፣ ዞራ ተመለሰች። ጎረምሳው ብቻውን እየሮጠ አንድ ሸለቆ ተሻገረና የሚያባርረው እንደሌለ ሲያውቅ አፍሮ ቁጭ አለ።

አለቃው ጋማውን አከከ። ቤተሰቡን ለሁለት ከፈለ፤ ገሚሱን ከላይ፣ ገሚሱን ከታች አሰማራ። ቦራ አጭር ናት፣ በማሽላው ውስጥ ሩቅ አይታያትም። ለአንጓች ግን ከማማው ላይ ሁሉም ይታያታል። «ላይ» አለች፤ ቦራ ላይ ደረሰች። «ታች» አለች፤ ታች ደረሰች። አንዷ ዓይን ሆነች፣ አንዷ እግር። ከላይም ከታችም እየተንጫጩ ወደ ገደሉ ተመለሱ፤ አንድ ራስ ማሽላ እንኳ በጃቸው የለም።

ያን ጊዜ አለቃው ራሱ ወረደ። አልሮጠም፤ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። ድንበሩ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና እንደ ትልቅ ሰው ጨዋታ ጀመረ። ማን አህሎኝን አይቼዋለሁ፣ አባቶቹን አውቃለሁ አላት። ማን ቀድሞኝን አይቼዋለሁ፣ እሱም የጀግና ዘር ነው አላት። እነሱ ያልቻሉትን ልትችይ የመጣሽ አንቺ የማን ልጅ ነሽ አላት።

«እናቴን አውቃታለሁ፤ ከዚያ ወዲያ አልቆጠርኩም» አለች ቦራ። «አንተ መቁጠር ከወደድህ ሦስት እርምጃ ቅረብና ጥርሴን ቁጠር።»

አለቃው የሷን ሦስት እጥፍ ነው። ክራንቻው የሰው ጣት ያህላል። ተነሳና አንድ እርምጃ ወደ ማሽላው ገባ። ቦራ ዘላ ያዘችው። ተንከባለሉ፤ ማሽላው ተሰበረ፣ አቧራው ተነሳ፣ የቦራ ጩኸት ተሰማ። አለቃው ከላይ ሆኗል።

አንጓች ማማው ላይ ናት። እዚያ ብትቆይ ማንም አይፈርድባትም፤ ሴት ናት፣ ክንዷም ስብራት ነው። ወረደች። እንዴት እንደወረደች እሷም አታውቅም። በደህናው እጇ ማማው ሥር የተደገፈውን ከዘራ አነሳች። ከዘራው አሁን ሽማግሌነቱን ተይልኝ፣ በደንብ ያዥኝ አላት። አለቃው ቀና ሲል ቀሚስ አየ። በዕድሜው ብዙ ቀሚስ ሲሸሽ አይቷል፤ ወደሱ የሚሮጥ ቀሚስ ግን አይቶ አያውቅም። በራሷ ድምፅ እየጮኸች መጣችበት። የመጀመሪያው ዱላ ትከሻው ላይ አረፈ። ሁለተኛው ወገቡ ላይ አረፈ። ሦስተኛውን አልጠበቀም፤ ቦራ ጭራው ላይ እንደተንጠለጠለች እስከ ድንበሩ ድንጋይ ድረስ ጎተታት። እዚያ ላይ ለቀቀችው። ከድንበር አታልፍማ።

ያን ዕለት የዝንጀሮ ቤተሰብ በሙሉ ገደሉን ለቆ ማዶ ተሻገረ። አለቃው መንገድ ላይ ለጠየቀው ሁሉ፣ ማዶ ሣሩ ይሻላል እያለ ነው የሄደው።

የቦራ ደህናው ጆሮዋም ተቀደደ። አንጓች ቁስሉን በሞቀ ውሃ አጥባ ቅቤ ቀባችላት። ሦስት ቀኑ አለቀ፤ ትሄጃለሽ ወይስ ትቀሪያለሽ አለቻት። ቦራ ቂጣዋን በልታ ሳትጨርስ ማውራት አልወደደችም። ስትጨርስ፣ ነገ ለአጨዳው በጠዋት ነው የምንነሳው አለች።

ጎረቤቶች መጡ፣ ማሽላው ታጨደ። ግማሽ ነው፤ ግን ግማሹ ሙሉ ለሙሉ የሷ ነው። ተሸክመው አውድማ አገቡት። አያ ቢተው በሬዎቹን እየነዳ ደረሰ፤ መሬቱን ሊያርስ፣ እሷንም ወደ ቤቱ ሊወስዳት ነበር የመጣው። አውድማው ላይ የተቆለለውን አየ። ማሽላውን ዞሮ አየው፣ ቦራን አየ፣ የቦራን ጆሮዎች አየ። ከንፈሩን ሊመጥ አሰበና ተወው። ወደ ክምሩ ሊጠጋ እግሩን ሲያነሳ ቦራ መንገዱ ላይ ተጋደመች፤ አልጮኸችም፣ አልነከሰችም፣ ተጋደመች ብቻ።

አንጓች መንሿን ይዛ ከክምሩ አጠገብ ቆማለች።

«አያ ቢተው» አለችው፣ «አውድማ ነው፤ ጫማዎን ያውልቁ።»

አውድማ በጫማ እንደማይገባ እሱም ያውቃል። ለባለቤቱ ክብር ነው፤ ባለቤት የሌለው መስሎት ነው የረሳው። ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ፣ ዳር አስቀመጠ። ቦራ መንገዱን ለቀቀች። አያ ቢተውም በባዶ እግሩ ገብቶ፣ በሬዎቹን ለውቂያ ከየት በኩል ላስገባቸው ብሎ አንጓችን ጠየቃት። እሷም በዚህ በኩል አለችው። በዚያ በኩል አስገባቸው።

እናንተም ውሻ የምታስገቡ፣ ስሙኝ። ግዙፍ ነው፣ ፈጣን ነው፣ የእገሌ ቤት ዘር ነው ብላችሁ አትጥሩ። መጀመሪያ ቤታችሁን እወቁ፤ ምን እንደምትበሉ፣ የት እንደምትውሉ፣ በማን ድምፅ እንደምትናገሩ። እሱን ያወቀ የሚሆነውን ውሻ አያጣም፤ እሱን ያላወቀ ግን አንበሳ ቢያስገባም ማሽላውን ዝንጀሮ ነው የሚበላው።

እኔ ተረቴን አድርሻለሁ። እናንተ ደግሞ ለአፌ የሚሆን አምጡ፤ ዳቦ ካጣችሁ ቆሎም ይሁን፤ ጥርሴ እንደሆነ ሁሉም አለ።